ዕቃው የሚኖረው የት ነው? በጃፓን ኤሌክትሮኒክስ ስለመግዛት ለአዲስ ገቢዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ከበሩ ጋ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ እዚህ ወንበር ሞልቷል። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። እስቲ በዚህ ዓመት ጃፓን የገባችሁ እጃችሁን አውጡ? እሺ... የአዳራሹ ግማሽ ናችሁ ማለት ነው። እንኳን ደኅና መጣችሁ!

የተከራያችሁትን ክፍል ሳላየው አውቀዋለሁ። ባዶ ነው። እዚህ አገር ብዙ የኪራይ ቤት ጣሪያው ላይ አምፖል እንኳ የለውም፤ መብራት የሚገጠምበት ክብ ነገር ብቻ ነው ያለው። ፍሪጅ የለም፣ ልብስ ማጠቢያ የለም፣ ምድጃ የለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም አንድ ቦታ እንገናኛለን፤ ፎቁ ብዙ፣ መብራቱ ዐይን የሚወጋ፣ መዝሙሩ የማያቋርጥ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ። እዚያ ቆማችሁ ስልክ ትደውሉልኛላችሁ። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ጥገና ስለሆነ ይመስለኛል፣ የምትጠይቁኝም ሁሌ ያንኑ ነው፤ «የትኛው ሱቅ ይረክሳል?»

ይህ ጥያቄ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ሌላ ነው። አንደኛው «ይህ ዕቃ የሚኖረው የት ነው?» የሚለው ነው። ጃፓን ተገዝቶ ጃፓን የሚያልቅ ነው? ወይስ ትምህርታችሁን ስትጨርሱ በሻንጣ ይሄዳል? ወይስ ለእናት፣ ለወንድም የሚላክ ነው? ይህን ሳይመልሱ ዋጋ መጠየቅ እጅ እግር የለውም። ለምን እንደሆነ ከመብራቱ ልጀምር፤ ቀጥሎ ስለ ስልክና ኮምፒውተር፣ ከዚያ ስለ ገንዘቡ፣ መጨረሻ ላይ ማንም ስለማይነግራችሁ ስለ መጣያው እናገራለሁ።

መብራቱ። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። ልብ በሉ፣ 110 አይደለም፣ 220 አይደለም፣ መቶ ነው። አገር ቤት ያለው 220 ነው። «እና ምን አለበት፣ አስማሚ እሰካለሁ» የሚል አለ። ወንድሜ፣ ያቺ በርካሽ የምትሸጠው አስማሚ የስፒናውን ቅርጽ ነው የምትቀይረው፤ ቮልቱን አትነካውም።

አንድ ተማሪ ከአገር ቤት ካውያ ይዞ መጣ። እናቱ ናቸው ያሸከሙት፣ «ሸሚዝህን ሳትተኩስ እንዳትወጣ» ብለው። ሰክቶት ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ ካውያው ለብ ከማለት አላለፈም። «ተበላሸ፣ ሥራልኝ» ብሎ አመጣልኝ። ከፈትኩት፤ ምንም የሆነው ነገር የለም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚስብ ካውያ 100 ቮልት ሲሰጡት 413 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚስበው። ቮልቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ኃይሉ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ካውያው ጤነኛ ነው፤ ያለው ግን ባልተሠራበት አገር ነው።

ይህስ እዳው ገብስ ነው፤ ካውያው ቢቀዘቅዝ ማንም አይጎዳም። የሚያስፈራው የተገላቢጦሹ ነው። ከዚህ 1000 ዋት የሩዝ ማብሰያ ገዝታችሁ አገር ቤት 220 ላይ ብትሰኩት 4840 ዋት ሊስብ ይሞክራል። አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ውስጡ ያለው ፊውዝ ቀድሞ ከበጠሰ እሰየው፤ ካልበጠሰ ጭስ ነው። አንዲት እህታችን ለእናቷ የላከችው ማብሰያ እንዲህ ሆነ። እናትየው ደግሞ የልጅ ስጦታ ስለሆነ ማንም እንዲጥለው አልፈቀዱም፣ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል አሉኝ። ትራንስፎርመር ይገዛ የምትሉ አላችሁ፤ ለሺህ ዋት የሚሆን ትራንስፎርመር ከማብሰያው ይከብዳል፣ ዋጋውም አያዋጣም። ለሚላክ ዕቃ መፍትሔው አኪሃባራ በሚባለው የቶኪዮ የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር ውስጥ ለውጭ አገር ተብለው የተሠሩ፣ ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚሠሩ ማብሰያዎች የሚሸጡባቸው ሱቆች መኖራቸው ነው። ከመደበኛው ይወደዳሉ። ይወደዱ!

እንግዲህ ሕጉ አጭር ነው። የሚያሞቅ፣ የሚያበስል፣ የሚያደርቅ፣ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የአገሩ ነው፤ እዚሁ ይገዛል፣ እዚሁ ይቀራል። የላፕቶፕ፣ የስልክ፣ የካሜራ ቻርጀር ግን አብዛኛው ተጓዥ ነው። እንዴት ታውቃላችሁ? የቻርጀሩን ሆድ ገልብጡት። በጥቃቅን ፊደል «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካለ ዓለምን ይዞራል። «100 ቮልት» ብቻ ካለ ቤቱ እዚህ ነው። ይህን ለማንበብ ጃፓንኛ አያስፈልግም፤ ቁጥር ነው።

ኸርዝ ካልኩ አይቀር፣ መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። ጃፓን አንድ አገር ናት፤ መብራቷ ግን ሁለት ነው። ቶኪዮና ምሥራቁ 50 ኸርዝ፣ ኦሳካና ምዕራቡ 60 ኸርዝ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ቶኪዮ ጄኔሬተር ከጀርመን አስመጣች፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ፤ ያኔ የተለያዩት እስከ ዛሬ አልተገናኙም። እ.ኤ.አ. በ2011 የመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ምሥራቁ መብራት ሲያጥረው ምዕራቡ እንደልቡ ሊያካፍለው ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ከኦሳካ ወደ ቶኪዮ የምትዘዋወሩ ከሆነ ይጠቅማል። ዛሬ አብዛኛው ዕቃ ለሁለቱም ይሠራል፤ ርካሽ ማይክሮዌቭና አሮጌ ልብስ ማጠቢያ ግን «60 ኸርዝ ብቻ» የሚል ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ።

አንድ ነገር ጨምሬ መብራቱን ልዝጋ። ልብስ ማጠቢያችሁ አጠገብ ያለውን ሶኬት አይታችሁታል? ከቀዳዳዎቹ በታች ትንሽ ክዳን አለች። ከማሽኑ ጀርባ ደግሞ ከገመዱ ጋር በፕላስቲክ ታስራ የመጣች አረንጓዴ ሽቦ አለች፣ ጫፏ የተላጠ ወይም ሹካ መሳይ። ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ ሽቦዋ እንደታሰረች ናት! ስፒናውን ነቅላችሁ ክዳኗን ክፈቱ፣ ብሎኗን በመፍቻ አላሉ፣ የሽቦዋን ጫፍ አስገቡና አጥብቁ። የኧርዝ ሽቦ ናት፤ ከማሽኑ የሚያፈስሰውን መብራት ወደ መሬት የምታወርድ። እዚህ አገር ስፒናው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ብቻ ስላለው ኧርዙ በዚህች ሽቦ ነው የሚሄደው። እርጥብ ቦታ ላይ በባዶ እግር ቆማችሁ የምትነኩት ማሽን ነው፣ እባካችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እዩት። እዩት!

ወደ ስልክ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው።

መልካሙ ዜና እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ቀፎ በመሠረቱ በሲም መቆለፉ፣ ማለትም በአንድ ድርጅት ሲም ብቻ እንዲሠራ መደረጉ፣ ተከልክሏል። ከዚያ በፊት የተሸጠ ያገለገለ ቀፎ ግን የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ከቁልፉ የባሰ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን በደንብ ስሙኝ። ሰው ስልኩን ከቴሌኮም ድርጅቱ በየወሩ እየከፈለ ይወስዳል፤ ሳይጨርስ ይሸጠዋል። የቀድሞው ባለቤት ክፍያውን ሲያቆም ድርጅቱ ቀፎውን ከኔትወርኩ ሊያግደው ይችላል። ቀፎው እናንተ እጅ ነው፤ እዳው የሌላ ሰው ነው፤ የሚዘጋው ግን የእናንተ ነው!

አንድ ጓደኛዬ ከግለሰብ በኢንተርኔት የገዛው ስልክ ልክ እንዲህ ሆነ። ቀፎው ልቅም ያለ፣ ጭረት የሌለው፣ ዋጋው ደግሞ የሚያስጎመጅ። ወራት ሠራ። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ኔትወርክ የለም። ሲሙን አውጥቶ ጠረገው፣ አጠፋው፣ አበራው፤ የለም። ሻጩን ቢፈልገው አካውንቱ ተዘግቷል። ምን ማድረግ ነበረበት? ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ብሎ ሲደውል 15 አሃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥር ይወጣል። ያንን ቁጥር በቴሌኮም ድርጅቶቹ ገጽ ላይ በነጻ መፈተሽ ይቻላል። መልሱ በምልክት ነው የሚመጣው፤ ክብ ከሆነ ንጹሕ ነው፣ ሦስት ማዕዘን ከሆነ እዳው አላለቀም፣ ኤክስ ከሆነ ታግዷል። የሱ ሦስት ማዕዘን ነበር። ደህና የሚባሉ ያገለገለ ዕቃ ሱቆች ይህን ምልክት ከዋጋው ጎን ይጽፉታል፣ አንዳንዶቹም በኋላ ቢታገድ ገንዘብ እንመልሳለን ይላሉ። ከግለሰብ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ማዕዘን ስታዩ እግሬ አውጪኝ በሉ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልጠይቃችሁ። ከአገር ቤት ወይም ከዱባይ ይዛችሁ የመጣችሁት አንድሮይድ ስልክ እዚህ ይበቃል? ለመደወል ሊበቃ ይችላል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እዚህ ባቡር የሚገባበት፣ ሱቅ የሚከፈልበት ንክኪ ፌሊካ በሚባል ቺፕ ነው የሚሠራው፤ ከውጭ የመጣ አብዛኛው አንድሮይድ ይህ አይሠራለትም። አይፎን ግን ከአይፎን 8 ወዲህ የትም ይገዛ የት አለው። ሁለተኛ፣ የጃፓን የሬዲዮ ሕግ ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚያሰራጭ ዕቃ ሁሉ ጊቴኪ የሚባል ምልክት እንዲኖረው ይጠይቃል። መብረቅ መሳይ ነገር ያለባት ክብ ማኅተም ናት፤ ከዕቃው ጀርባ ወይም ስልኩ ቅንብር ውስጥ ትገኛለች። ይዛችሁት የገባችሁት ስልክ ዓለም አቀፍ መስፈርት ካሟላ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ይፈቀድለታል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ያስፈልጋል፤ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን ነው። ፖሊስ በየባቡሩ ስልክ ይፈትሻል እያልኩ አይደለም፣ አላየሁም። ነገር ግን ከውጭ አገር ገጽ ርካሽ ድሮንና የዋይፋይ ማሰራጫ የምታስመጡ ልጆች አላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ምልክቱን ሳታዩ አትዘዙ።

ላፕቶፕ ላይ ሰው የሚፈራው ቋንቋውን ነው። ቋንቋው ቀላል ነው፣ አብዛኛው ላይ ከቅንብር ይቀየራል። የማይቀየረው ኪቦርዱ ነው። የጃፓኑ ኪቦርድ ስፔስ አጭር ነው፣ ግራና ቀኙ ላይ ተጨማሪ ቁልፎች አሉ፣ የኢሜይሉ አት ምልክት ሌላ ቦታ ነው። ለአንዳንዱ ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ኮድ ለሚጽፍ ወይም ጥናቱን ለሚተይብ ግን በየደቂቃው ያናድዳል። አፕል በራሱ ገጽ ሲታዘዝ የአሜሪካውን ኪቦርድ ያስመርጣል፣ አንዳንድ ሌሎችም እንዲሁ፤ መደብሩ መደርደሪያ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው የጃፓኑ ነው።

ቋንቋው የማይቀየርበት ዕቃም አለ፣ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄዬ በገንዘብ ሲመነዘር ታዩታላችሁ። ኒንቴንዶ ስዊች 2 በጁን 2025 ሲወጣ ጃፓን ውስጥ በሁለት ዋጋ ነው የተሸጠው። በ49,980 የን የተሸጠው በጃፓንኛ ብቻ ይሠራል፣ የሚቀበለውም አገሩ ጃፓን የሆነ አካውንት ብቻ ነው። ብዙ ቋንቋ የሚያውቀው 69,980 የን ነበር። ያው ማሽን ነው! የ20,000 የኑ ልዩነት ዕቃው የት አገር እንደሚኖር የመምረጥ ዋጋ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎችም ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው። ካሜራ በሻንጣ የሚሄድ ዕቃ ነውና ከመክፈላችሁ በፊት ሜኑውን አስከፍቱ።

ስለ ገንዘቡ። «ከቀረጥ ነጻ» የሚለው ጽሑፍ መደብሩን ሁሉ ሞልቶታል፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። አትድከሙ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ከውጭ ዜጎች መካከል በዚህ የሚጠቀመው በአጭር ጊዜ ጉብኝት የገባ ወይም በዲፕሎማትነትና በመንግሥት ሥራ ፈቃድ ያለ ነው። ተማሪ የለበትም፣ ሠራተኛ የለበትም። «እንግዲያው ለጉብኝት የመጣው ዘመዴ ይግዛልኝ» ማለትም አያዋጣም፤ የተገዛው ከፓስፖርቱ ጋር ተመዝግቧል፣ ዕቃው ከአገር መውጣት አለበት፣ ጉምሩክ ዕቃው የታለ ቢል የሚጠየቀው ዘመዳችሁ ነው። ከኖቬምበር 2026 ጀምሮ ደግሞ አሠራሩ መጀመሪያ ግብሩን ከፍሎ ሲወጡ ወደ ማስመለስ እንዲቀየር ተወስኗል። እናንተ 10 በመቶውን ግብር ክፈሉና ደስ ብሏችሁ ኑሩ።

ይልቅ የሱቆቹን ነጥብ ተረዱት፤ በሚቀጥለው ግዢ እንደ ገንዘብ የሚቆጠርላችሁ ማለት ነው። ትልልቆቹ መደብሮች፣ ዮዶባሺም ቢክ ካሜራም፣ በብዙ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ነጥብ ይሰጣሉ። ይህ የ10 በመቶ ቅናሽ ነው? አይደለም። 100,000 የን ከፍላችሁ 10,000 ነጥብ ብታገኙ፣ በ100,000 የን የ110,000 ዕቃ ወሰዳችሁ ማለት ነው፤ ሲሰላ 9 በመቶ ገደማ ነው። እሱም ተመልሳችሁ እዚያው ስትገዙበት ነው። በካርድ ስትከፍሉ ነጥቡ የሚቀንስባቸውም አሉ። አዲስ ገቢ ግን በአንድ ሳምንት ፍሪጅም፣ ማሽንም፣ ማይክሮዌቭም ስለሚገዛ ብልሃት አለው፤ ውዱን መጀመሪያ ግዙ፣ በነጥቡ ትናንሹን ውሰዱ። መከራከርም ነውር አይደለም። በሌላ ሱቅ ያያችሁትን ዋጋ በስልካችሁ ለሻጩ አሳዩትና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚሠራው። ሻጩ ካልኩሌተሩን ያወጣና ይጽፋል። በተለይ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ላይ።

«ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ» ለምትሉ፦ ከሱቅ ገዝቶ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት እዚህ በሕግ መብት አይደለም። ከመነሻው የተበላሸ ከሆነ ይቀይራሉ፣ ግን ቀኑ አጭር ነው፤ ካርቶኑን፣ ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱን አትጣሉ። ያ ዋስትናም ብዙ ጊዜ ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ወደ ውጭ የሄደ ዕቃ ያለ ዋስትና የሄደ ዕቃ ነው። ሻጭ ካታለላችሁ 188 ደውሉ፣ የሸማቾች ምክር መስመር ነው። ያገለገለ ዕቃ ሱቅ ውስጥ «ጃንክ» የሚል ሳጥን ታገኛላችሁ፤ ዋስትና የለውም፣ መመለስ የለም፣ መሥራቱንም ማንም አይነግራችሁም። ብየዳ ለማያውቅ ሰው አይመከርም። እኔ እወደዋለሁ፤ አኪሃባራ የባቡሩ ሐዲድ ሥር ያሉት፣ ከጦርነቱ በኋላ በሬዲዮ ዕቃ የተጀመሩት ጠባብ ሱቆች ውስጥ ከገባሁ ባለቤቴ ሻይ ቤት ነው የምትጠብቀኝ።

የመጨረሻው መጣያው ነው። አትሳቁ! ማርች ላይ አገር የሚለቁ ተማሪዎች ፍሪጅ በነጻ ይሰጣሉ። አዲስ ገቢ ደግሞ ነጻ ሲባል ይሮጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ኤሲ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ የሚጥለው ሰው የመልሶ መጠቀሚያና የማጓጓዣ ሂሳብ ይከፍላል፣ በሺዎች የሚቆጠር የን። ስለዚህ ያ ሰው በነጻ የሰጣችሁ ፍሪጁን ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡንም ጭምር ነው። ፍሪጁ ገና ወጣት ከሆነ ተቀበሉ፣ አመስግኑ። የተሠራበት ዓመት በሩን ስትከፍቱ ውስጥ በኩል ተለጥፏል። አሥር ዓመት ካለፈው ግን በትሕትና እምቢ በሉ።

በየሰፈሩ ድምፅ ማጉያ እያስጮኸ «በነጻ እንወስዳለን» የሚለውን ትንሽ መኪናም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም። አንዷ ጎረቤቴ ቴሌቪዥኗን ካስጫነች በኋላ «የመጫኛ ክፈይ» አሏት፤ ዕቃው መኪናው ላይ ነው፣ ሰዎቹ ሁለት ናቸው፣ እሷ ብቻዋን ናት። ከፈለች። ከእነሱ ይልቅ አዲሱን የምትገዙበት መደብር አሮጌውን እንዲወስድ ሕጉ ያስገድደዋል፣ ሂሳቡን ከፍላችሁ፤ ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤታችሁን ጠይቁ።

ስለ ቴሌቪዥን ካነሣሁ ደግሞ፣ የቴሌቪዥን ስርጭት የሚቀበል መሣሪያ ቤቱ ያስገባ ሰው ኤንኤችኬ ከሚባለው የጃፓን የሕዝብ ስርጭት ድርጅት ጋር ውል እንዲገባ ሕጉ ይጠይቃል፣ ወርኃዊ ክፍያ አለው። ዩቲዩብ ብቻ የምታዩ ከሆነ መቀበያ የሌለው ቴሌቪዥን ይሸጣል፤ እሱን ጠይቁ።

ወደ አገር ለምትሄዱ አንዲት ነገር፦ ፓወር ባንክ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ አትጨነቁ። ስትገዙ ግን ፒ፣ ኤስ፣ ኢ የሚሉት ፊደሎች በክብ ውስጥ ያሉበትን ግዙ፤ ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ ያለዚያ መሸጥ ክልክል ነው፤ እሳት ስለሚያስነሳ ነው።

ሰዓቴን በላሁ መሰለኝ፣ አዘጋጁ እያዩኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። ቻርጀር ይዛችሁ የመጣችሁም ካላችሁ ወደዚህ አምጡ፣ ጀርባውን አብረን እናነባለን። እሺ፣ ከመስኮቱ ጋ ያለሽው እህቴ፣ ማይኩን ስጧት።